ስም የሌለበት ማልያ፦ የባልቲሞር ኮልትስ 19 ቁጥር

ባልቲሞር ውስጥ በምኖርበት ሰፈር፣ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በተሠሩበት መንገድ ላይ፣ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። በረዶ በጣለ ቁጥር የሁለታችንንም ደጃፍ የምጠርገው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ እኔ ከሥራ እስክመለስ ድረስ ልጆቼ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ በሰላም መውረዳቸውን በመስኮታቸው ሆነው ይጠብቁልኛል። ለዚህ ውለታቸው በልደታቸው ቀን ከልብ የሆነ ስጦታ ልሰጣቸው አሰብኩና፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ስሙን አንስተው የማይጠግቡትን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የጆኒ ዩናይተስን 19 ቁጥር ማልያ ገዛሁላቸው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ማልያና የሸጠልኝ ሱቅ ግምገማ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሱቁ የቀድሞ ስፖርተኞችን ልብስ በየዘመኑ መልክ እየሰፋ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሲሆን፣ ማልያው ከነማጓጓዣው 165 ዶላር ፈጅቷል። የተፈጠረውን ስሕተት በመጨረሻ ስላረሙልኝ ሱቁን በስም መጥራት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ መጀመሪያ የደረሰኝ ማልያ በጨርቁም በስፌቱም የሚመሰገን ሆኖ በታሪኩ የተሳሳተ ነበር፤ በለውጥ የመጣው ሁለተኛው ግን የተከፈለበትን ዋጋ ያወጣል። የሁለቱ ልዩነት ከሩቅ ለሚያይ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ለእኔ ትንሽ ያልሆነበትን ምክንያት ለማስረዳት ግን ማልያውን ስለለበሰው ሰው በሰፊው መናገር ይኖርብኛል።

የመጀመሪያው ማልያ ደማቅ ሰማያዊ ነበር። ትከሻው ላይ ሁለት ሁለት ነጭ መስመሮች ዞረውበታል፤ ከፊትም ከኋላም 19 ቁጥር በነጭ ጨርቅ ተቆርጦ፣ ተለጥፎ፣ ዙሪያውን በጥብቅ ተሰፍቷል። ከጀርባው ቁጥር በላይ ደግሞ የዩናይተስ ስም በትልልቅ የላቲን ፊደላት ተጽፏል። በማሸጊያው ላይ ያለው መግለጫ «የ1958 የሻምፒዮና ጨዋታ ማልያ» ይላል። ጎረቤቴ ስጦታውን ተቀብለው ጨርቁን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉት፣ ከዚያም ገልብጠው ጀርባውን ሲያዩ ዝም አሉ። እኔን ላለማስቀየም ሲጠነቀቁ ይታወቅ ነበር። ጥቂት ቆይተው «በዚያ ዘመን ማንም ሰው ስሙን ጀርባው ላይ አይጽፍም ነበር፤ በዚያ ቀን የለበሱትም ነጩን ነው» አሉኝ፤ ደግመው ደጋግመውም አመሰገኑኝ።

ነገሩን ሳጣራ ሁለቱም ልክ ናቸው። ብሔራዊው የፉትቦል ሊግ የተጫዋቾችን ስም በማልያ ጀርባ ላይ ማድረግ የጀመረው በ1970 ነው። ዩናይተስ ለባልቲሞር ኮልትስ ከ1956 እስከ 1972 በተጫወተባቸው 17 የውድድር ዘመናት ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹን 14 የተጫወተው ጀርባው ላይ ከ19 ቁጥር በቀር ምንም ሳይጻፍ ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን 1958 ኒውዮርክ በሚገኘው ያንኪ ስታዲየም በተካሄደው የሻምፒዮና ጨዋታ ላይ ደግሞ ባለሜዳዎቹ ጃያንትስ ጥቁር ሰማያዊ ስለለበሱ፣ እንግዶቹ ኮልትስ ነጭ ማልያ በሰማያዊ ቁጥር ለብሰው ነበር። እንግዲህ በማሸጊያው ላይ የተጠቀሰውን ጨዋታ ይወክላል የተባለው ማልያ በቀለሙም፣ በጀርባው ጽሑፍም የዚያ ጨዋታ አልነበረም። አንድ ሱቅ «ይህ የእንዲህ ያለው ቀን ልብስ ነው» ብሎ ዋጋውን በዚያ ምክንያት ከፍ ካደረገ፣ ገዢው የሚከፍለው ለጨርቁ ብቻ ሳይሆን ለቃሉም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ልለፍ። የአሜሪካ ፉትቦልን ለማይከታተሉ አንባቢዎች ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ኳሱን ቢያንስ አሥር ያርድ (ከዘጠኝ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ) ወደፊት ማራመድ ይጠበቅበታል፤ ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሰጣል። በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ ኳሱ የሚደርሰው ኳርተርባክ ለሚባለው ተጫዋች ሲሆን፣ እሱም ለሯጭ ማቀበል፣ ርቆ ለሄደ ተቀባይ መወርወር ወይም ራሱ ይዞ መሮጥ ይችላል። ዛሬ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚሞከር የሚወስኑት አሰልጣኞቹ ሲሆኑ፣ ትእዛዙን ኳርተርባኩ በራስ ቁሩ ውስጥ በተገጠመ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። በዩናይተስ ዘመን ግን ያንን ውሳኔ በአብዛኛው የሚወስነው ሜዳ ላይ የቆመው ኳርተርባክ ራሱ ነበር። የዩናይተስን ትልቅነት ለመረዳት ከክንዱ ጥንካሬ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነው።

ዩናይተስ በግንቦት 1933 በፒትስበርግ ከተማ፣ ዘራቸው ከሊትዌንያ ከመጣ ቤተሰብ ተወለደ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ፤ እናቱም የአባትየውን የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ሥራ ተረክባ፣ ማታ ማታ ቢሮ እያጸዳች ልጆቿን አሳደገች። ቀጭንና ቀላል በመሆኑ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስላልፈለጉት የተጫወተው ለሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1955 የተወለደበት ከተማ ቡድን ፒትስበርግ ስቲለርስ በዘጠነኛው ዙር ቢመርጠውም፣ በዝግጅት ጨዋታዎቹ ላይ አንድም ጊዜ ሳያሰልፈው አሰናበተው። በዚያን ጊዜ ትዳር መሥርቶ ልጅ ወልዶ ነበር። ቀን የግንባታ ሥራ እየሠራ፣ ብሉምፊልድ ራምስ ለሚባል የሰፈር ቡድን በጨዋታ ስድስት ዶላር እየተከፈለው በደረቅ ሜዳ ላይ ተጫወተ። በ1956 ባልቲሞር ኮልትስ ሲያስፈርመው ማንም ኮከብ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም፤ ተጠባባቂ ነበር።

የመጀመሪያ ዕድሉን ያገኘው ቋሚው ኳርተርባክ ጆርጅ ሾው ከቺካጎ ቤርስ ጋር በነበረው ጨዋታ እግሩ ሲጎዳ ነው። ዩናይተስ ገብቶ የወረወረውን የመጀመሪያ ኳስ ተጋጣሚው ጠልፎ ሮጦ አስቆጠረበት፤ ጨዋታውም 58 ለ 27 በሆነ ውጤት በሽንፈት አለቀ። ጎረቤቴ ስለ ዩናይተስ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከዚህ ጨዋታ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 9 ቀን አንድ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱ ከተጋጣሚው የግብ መስመር አልፎ ስድስት ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ፣ አቀበለ፤ ከዚያ በኋላ በተሰለፈባቸው ጨዋታዎች እስከ ታኅሣሥ 1960 ድረስ ሳያቋርጥ ቢያንስ አንድ ታችዳውን እያቀበለ 47 ጨዋታ ደረሰ። ይህን ክብረ ወሰን የኒው ኦርሊየንሱ ድሩ ብሪስ እስኪሰብረው ድረስ 52 ዓመት ያህል ጸንቶ ቆይቷል።

ወደ 1958ቱ ጨዋታ እመለሳለሁ፤ ማልያው የተሠራው ለዚያ ቀን ነውና። በዚያ ዓመት ዩናይተስ ከግሪን ቤይ ጋር ሲጫወት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ሳንባው ተጎድቶ ነበር፤ ጥቂት ጨዋታ አልፎት ሲመለስ ደረቱን የሚከላከል ድጋፍ ከማልያው ሥር አድርጎ የመጀመሪያውን ኳስ ለሌኒ ሙር በረዥሙ ወርውሮ ታችዳውን አደረገው። ጎረቤቴ በዚያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። በሕጉ መሠረት የባለሜዳው ቡድን ጨዋታ በከተማው በቴሌቪዥን አይተላለፍም ነበርና፣ የባልቲሞር ሰዎች ቡድናቸውን በቤታቸው ማየት የሚችሉት ከከተማው ውጭ ሲጫወት ብቻ ነው። የሻምፒዮናው ጨዋታ ኒውዮርክ መሆኑ ስለዚህ ለእነሱ በረከት ሆነላቸው፤ የኒውዮርክ ሰዎች ግን ስታዲየም ካልገቡ በቀር ማየት አልቻሉም። ስታዲየም ውስጥ 64,185 ሰው ነበር፤ በመላው አገሪቱ በቴሌቪዥን የተመለከተው ደግሞ 45 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ይገመታል።

ኮልትስ እስከ ዕረፍት 14 ለ 3 መሩ። ከዕረፍት በኋላ ጃያንትስ ተነሥተው 17 ለ 14 ቀደሙ። የኮልትሱ ተከላካይ ጂኖ ማርኬቲ የጃያንትስን ወሳኝ ሩጫ ለመግታት ሲረባረብ እግሩ ተሰበረ፤ ቃሬዛ ላይ ሆኖ እንኳ ጨዋታውን ለማየት ከሜዳው ዳር እንዲያቆዩት ጠየቀ። ጃያንትስ ኳሱን ርቆ እንዲሄድ መትተው ሲለቁ ኮልትስ ከራሳቸው የግብ መስመር 14 ያርድ ላይ ያዙት፤ የቀረው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤቴ ሲተርኩ እጃቸው ይንቀሳቀሳል። ዩናይተስ ተከታታይ ሦስት ኳሶችን ለሬይመንድ ቤሪ አቀበለ፤ 25፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 22 ያርድ። ቤሪና እሱ ሌሎቹ ተጫዋቾች ከልምምድ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ እየቀሩ ለብዙ ወራት ሲደጋግሙት የኖሩት ነገር በዚያች ደቂቃ ፍሬ አፈራ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሰባት ሰከንድ ሲቀረው ስቲቭ ማይራ ኳሱን መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አሳለፈው፤ ውጤቱም 17 ለ 17 ሆነ።

በሊጉ የሻምፒዮና ጨዋታ ታሪክ እኩል ሆኖ ወደ ተጨማሪ ሰዓት የተገባበት ጊዜ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ራሳቸው ጨዋታው በእኩል ያለቀ መስሏቸው ነበር። የዚያን ጊዜው ሕግ ግን ቀድሞ ያስቆጠረ ያሸንፋል ይል ነበር። ጃያንትስ ኳሱን ቀድመው ቢያገኙም መራመድ አልቻሉም። ዩናይተስ ከ20 ያርድ ተነሥቶ በ13 ሙከራዎች 80 ያርድ ተጓዘ፤ ተከላካዮቹ መወርወር ሲጠብቁ እያስሮጠ፣ መሮጥ ሲጠብቁ እየወረወረ። መሐል ላይ የቴሌቪዥኑ ገመድ ተነቅሎ በየቤቱ ያለው ምስል ለጥቂት ጊዜ ጠፋ። ጎረቤቴ አባታቸው ቴሌቪዥኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲነቀንቁት እንደሚያስታውሱ ነግረውኛል። ኮልትስ ወደ ግቡ ከተቃረቡ በኋላ ሦስት ነጥብ በሚያሰጥ ምት ማሸነፍ ሲችሉ፣ ዩናይተስ በጠባቡ ቦታ ለጂም ሙችለር ወርውሮ እስከ አንድ ያርድ አደረሰው። ያን ያህል ለምን እንደደፈረ ሲጠየቅም፣ የሚያደርገውን ለሚያውቅ ሰው ኳሱ እንደማይጠለፍበት በመናገር መለሰ። በሚቀጥለው ሙከራ አለን አሚቺ ኳሱን ይዞ በተከፈተለት ቀዳዳ ገባ፤ 23 ለ 17። በነጩ ማልያ፣ ያለ ስም።

ስለ ጀርባው ጽሑፍ አጥብቄ የምናገርበት ሌላው ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ያንን ጨዋታ ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ ላማር ሃንት የተባለ ወጣት የቴክሳስ ባለሀብት ነበር። የራሱን የፉትቦል ቡድን ለማቋቋም ያሰበው ሐሳብ በዚያ ቀን እንደጸና ተናግሯል፤ የድሮው ሊግ በሩን ስላልከፈተለትም በ1960 ውድድር የጀመረውን አዲሱን የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ መሠረተ። የቴሌቪዥን ተመልካቾች ተጫዋቹን እንዲለዩ ብሎ ስምን በማልያ ጀርባ ላይ የጻፈው ይኸው አዲሱ ሊግ ነው። ሁለቱ ሊጎች ሲዋሐዱ በ1970 ልማዱ ወደ ቀድሞው ሊግ ተሻገረ። ስለዚህ በ1958 ማልያ ላይ የተሰፋው ስም ውጤቱን ከምክንያቱ የሚያስቀድም ነው፤ ስም በጀርባ ላይ እንዲጻፍ መንገድ የከፈተው ስም በሌለው ማልያ የተደረገው ጨዋታ ነበርና።

ይህንኑ ከሁለት ፎቶግራፎች ጋር አያይዤ ለሱቁ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን መልስ ሰጡኝ። አብዛኞቹ ደንበኞች ስም ያለበትን ስለሚመርጡ እንዲያ ማድረጋቸውን፣ የማሸጊያው መግለጫ ግን ትክክል አለመሆኑን አምነው፣ ነጭና ስም የሌለበት አድርገው ሊሰፉልኝ ፈቀዱ። የመመለሻውን 12 ዶላር የፖስታ ሒሳብ እኔ ከፍያለሁ፤ ስሕተቱ የእነሱ ሆኖ ሳለ ይህን እኔ ላይ መጣላቸው ተገቢ አይደለም እላለሁ። አዲሱ ማልያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። መልእክት የጻፈችልኝ ሠራተኛ በትሕትናም በጥንቃቄም ነበር የመለሰችልኝ፤ ተቸኩሎ የተጻፈ የተለመደ መልስ ብቻ ልካ ዝም አላለችም።

ሁለተኛው ማልያ ወፍራም የጥጥ ሹራብ መሰል ጨርቅ አለው፤ ዛሬ ተጫዋቾች ከሚለብሱት ስስና የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ጋር ሲነጻጸር በእጅ ሲይዙት ይከብዳል። ጨርቁ ከባድ መሆኑ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ የዚያ ዘመን ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ልብስ ለብሰው፣ ላባቸውንና ዝናቡን ጠጥቶ እየከበደ ሲሄድ ተጫውተዋል። ትከሻው ላይ ያሉት ሰማያዊ መስመሮች በሕትመት የተደረጉ ሳይሆኑ ተሰፍተው የገቡ ናቸው፤ በብብቱ አካባቢ ስፌታቸው እኩል ይገጥማል። ቁጥሩ ሰፊና ማዕዘኑ የተቆረጠ ነው፤ ዙሪያው የተሰፋበት ክር ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከአራት እጥበት በኋላ እንኳ አንድም ጫፉ አልተነሣም። ሰማያዊው ቀለም ወደ ነጩ ይፈስ ይሆን ብዬ ስለፈራሁ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው ነው ያጠብኩት፤ አልፈሰሰም። አንገትጌው ግን ትንሽ ይጠብባል፤ ለአዛውንት ሰው ሲያወልቁት ያስቸግራል። መጠኑን በተመለከተ፣ ከሥሩ የትከሻ መከላከያ የሚለብስ ሰው ታስቦ የተቆረጠ ስለሚመስል ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም ነው፤ ገዢዎች ከተለመደው መጠናቸው አንድ ዝቅ ቢያደርጉ ይሻላል።

በማሸጊያው ውስጥ የተጫዋቹን ሕይወት የሚያስረዳ አንድ ካርድ አለ። ካርዱ ቁጥሮቹን በትክክል አስፍሯል፦ በውርወራ 40,239 ያርድ፣ 290 ታችዳውን፣ በ1959፣ በ1964ና በ1967 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች፣ በ1979 ኦሃዮ ግዛት ካንተን በሚገኘው የክብር አዳራሽ መግባት። ይሁን እንጂ እነዚህ ቁጥሮች ያለ ማብራሪያ ሲቀርቡ ወጣቱን አንባቢ ያሳስታሉ። ልጄ ካርዱን አንብቦ «የዛሬዎቹ ከዚህ በጣም ይበልጣሉ» አለኝ፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ልክ ነው። ካርዱ የማይነግረው ግን ዩናይተስ ሲጀምር አንድ ቡድን በውድድር ዘመን የሚጫወተው 12 ጨዋታ፣ ከ1961 ጀምሮም 14 ብቻ እንደነበረ ነው፤ በዚያ በ12 ጨዋታ ዘመን በ1959 ያቀበላቸው 32 ታችዳውኖች ከእሱ በፊት ማንም ያልደረሰባቸው ነበሩ። ካርዱ የማይነግረው ሌላም ነገር አለ፤ በዩናይተስ ዘመን ተከላካዮች ኳስ ተቀባዩን ኳሱ ገና ሳይወረወር በሜዳው ሁሉ እየገፉና እየመቱ ሊያግዱት ይፈቀድላቸው ነበር። ኳርተርባኩንም ቢሆን እንደ ዛሬው የሚጠብቀው ሕግ አልነበረም። በዚያ ሁኔታ 40,000 ያርድ ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ካርዱ ሙሉ ይሆን ነበር።

ከዚህ የበለጠ ያሳዘነኝ ሱቁ ማልያውን በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ልብሶቹ በዛሬዎቹ ቡድኖች ተከፋፍለው ስለተደረደሩ፣ የዩናይተስን 19 ቁጥር ያገኘሁት በኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሥር ነው። በሕግ ዓይን ቡድኑ አንድ ነው፤ ስሙንም፣ የፈረስ ጫማ ብረት ምልክቱንም፣ መዝገቡንም የያዘው ኢንዲያናፖሊስ ነው። ለባልቲሞር ሰው ግን ይህ ቁስል ነው። መጋቢት 1984 በአንድ በረዷማ ሌሊት የጭነት መኪኖች መጥተው የቡድኑን ንብረት ጭነው ወደ ኢንዲያናፖሊስ ወሰዱት፤ ከተማው ሲነቃ ቡድን አልነበረውም። የቡድኑ የሙዚቃ ጓድ የደንብ ልብስ ግን በዚያ ሌሊት ልብስ አጣቢ ቤት ስለነበር ተረፈ፤ ጓዱም ቡድን በሌለበት ከተማ ለ12 ዓመት ያህል መጫወቱን አላቋረጠም። ዩናይተስ ራሱ ከተዛወረው ቡድን ጋር መያያዝን አልፈቀደም፤ የክብር አዳራሹም እሱን ከባልቲሞር ጋር ብቻ እንዲያነሣው ጠየቀ። በ1996 ሬቨንስ የተባለው አዲስ ቡድን ወደ ከተማው ሲመጣ፣ ሜዳው ዳር ላይ እየቆመ ይመለከት የነበረው ይህን ቡድን ነው። ዛሬ ሐውልቱ በሬቨንስ ስታዲየም ፊት ለፊት ቆሟል። ሱቁ «ባልቲሞር ኮልትስ» የሚል የራሱ ክፍል ቢከፍት ብዙ የሚያስወጣው ነገር የለም፤ ይህንንም ጽፌላቸዋለሁ።

ስለ ኋለኛው ዘመኑ ካርዱ የሚለው ጥቂት ነው፤ እኔም ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ1968 ክርኑ ተጎድቶ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ተቀምጦ ኤርል ሞራል ተካው። ጥር 1969 በተካሄደው ሦስተኛው ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የዓመቱ ሻምፒዮን በሚለይበት የመጨረሻ ጨዋታ፣ ኮልትስ በኒውዮርክ ጄትስ 16 ለ 7 ሲሸነፉ፣ ዘግይቶ ገብቶ ለቡድኑ ብቸኛዋን ታችዳውን ያስገኘው እሱ ነው። ጄትስን ያሰለጠኑት ሰው ዊብ ዩባንክ ነበሩ፤ በ1958 በዚያ በያንኪ ስታዲየም የኮልትስ አሰልጣኝ የነበሩት ራሳቸው። ጥር 1971 በአምስተኛው ሱፐር ቦውል ለጆን ማኪ የወረወረው ኳስ በሌሎች እጅ ተነካክቶ ደርሶት 75 ያርድ ታችዳውን ሆነ፤ እሱ በጉዳት ቢወጣም ቡድኑ ዳላስን 16 ለ 13 አሸነፈ። በ1973 ወደ ሳን ዲየጎ ተሸጠ፤ እዚያ ብዙም ሳይቆይ ጨዋታ አቆመ።

ስለ እጁ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ወርቃማው ክንድ ይባል የነበረው ሰው በእድሜው መጨረሻ በቀኝ እጁ ጣቶች ዕቃ መያዝ ተስኖት ነበር። ጎልፍ ለመጫወት ዱላውን ከእጁ ጋር በማሰሪያ ያጣብቀው ነበር። ለጉዳቱ የአካል ጉዳት ክፍያ ቢጠይቅም ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። መስከረም 11 ቀን 2002 በባልቲሞር አጠገብ በምትገኘው ቲሞኒየም የአካል ማጠንከሪያ ልምምድ ሲያደርግ ልቡ ቆሞ ሞተ፤ 69 ዓመቱ ነበር። በዚያው ሰሞን የሬቨንሱ ኳርተርባክ ክሪስ ሬድማን፣ እሱም በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ፣ ለመታሰቢያው ዩናይተስ ያዘወትረው የነበረውን ዓይነት ረጅም ጥቁር ጫማ አድርጎ ገብቶ፣ የልብስ ደንብ ጥሰሃል ተብሎ በሊጉ ተቀጥቷል።

ማልያውን እንዲገዙ የምመክረው የተጫዋቹን ዘመን ለኖሩ ወይም ከኖሩት ሰው ለሰሙ ነው፤ ለእነሱ 165 ዶላር ከባድ ቢሆንም ያለ ቦታው የወጣ ገንዘብ አይሆንም። ለሜዳ ድጋፍ የሚለበስ ልብስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን በሲሶ ዋጋ የሚሸጠው የታተመ ማልያ ይበቃዋል፤ ክብደቱም በበጋ ሙቀት አይመችም። የሚገዛ ሰው ሲያዝዝ በማስታወሻው ቦታ ላይ ነጭ መሆኑንና ጀርባው ላይ ስም እንዳይኖር በግልጽ ይጻፍ፤ ይህን ካላደረገ ሱቁ እስከ ዛሬ ሰማያዊውን ከነስሙ ነው የሚልከው።

ጎረቤቴ ማልያውን በመስታወት ውስጥ ሰቅለው ያስቀምጡታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ይለብሱታል፤ እጅጌው ስለረዘመባቸው ሁለቴ ያጥፉታል፣ አንገትጌውንም ሚስቴ ጥቂት ለቀቅ አድርጋ ሰፍታላቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጃቸው በልጅ መጠን ሌላ እንዳዝላቸው ጠይቀውኝ፣ ማስታወሻውን እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጽፌ ልኬያለሁ፤ ገና አልደረሰም።